ኦክቶፐሱ፣ ሎብስተሩና አድፍጦ የሚጠብቀው

እንደምን ከረማችሁ! ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስለዚህ ደስ ያለኝን ነው የማወራው። ስለ ዓሣ። ያውም ከጠጠር ስለተሠራ ዓሣ።

ጣሊያን፣ ኔፕልስ ያለው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም የሚታወቀው ታላቁ እስክንድር ዳርዮስን ሲገጥም በሚያሳየው ሞዛይክ፣ ማለትም በጠጠር ሥዕል ነው። ይሁን። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያው ቤት፣ በጥንታዊቷ የሮማውያን ከተማ ፖምፔ ከሚገኘው «የፋውን ቤት» የወጣው ሌላው ሞዛይክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 100 ዓመት ገደማ ለመመገቢያ ክፍል ወለል የተሠራ። እሳተ ገሞራው ቬሱቪየስ እ.ኤ.አ. በ79 ፈንድቶ ከተማዋን ሲቀብር እኮ ዕድሜው ወደ 180 ዓመት ተጠግቶ ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን ማንም አላፈረሰውም።

መሃሉ ላይ ባለ ስምንት ክንዱ የባሕር እንስሳ ኦክቶፐስ፣ ቅርፊት ለባሹን አንድ ትልቅ ሎብስተር ጠምጥሞ ይዟል። ጠጠሮቹ የጥቂት ሚሊሜትር ናቸው፤ ራቅ ስትሉ በብሩሽ የተቀባ ይመስላችኋል። የክንዶቹ መምጠጫዎች ሳይቀሩ ተለቅመዋል። እባብ የሚመስለው ዓሣ፣ ሞሬይ ደግሞ ጠጋ ብሎ ትግሉን ያያል።

አሁን አርስቶትል ይግባ። ስለ እንስሳት ሲጽፍ ምን ይላል? ኦክቶፐስ ሎብስተርን ያሸንፋል፤ ሎብስተር ደግሞ የሞሬይ ዘመድ የሆነውን ኮንገርን ያሸንፋል፤ ኮንገር በተራው ኦክቶፐስን ይበላል። ታዲያ ማን ነው የበላዩ? እንግዶቹ ጋደም ብለው ወይን እየጠጡ በዚህ ሲከራከሩ ይታየኛል።

ዙሪያውን ያሉት ዓሦች ግን ሌላ ናቸው። ሁሉም በጎን፣ ዓሣ ሻጭ ጠረጴዛ ላይ እንደተደረደሩ። የሥነ እንስሳት ባለሙያዎች ብዙዎቹን በየዝርያቸው ለይተዋቸዋል፤ ኤሌክትሪክ የሚነዝረው ቶርፒዶ ሳይቀር አለ። ቀዩ ሙሌትም አለ፣ እሱ ጋ ቆም እንበል።

ሮማውያን በሙሌት አብደው ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደጻፈው በንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ ዘመን አንድ ባለሥልጣን ለአንዲት ሙሌት 8,000 ሴስተርቲ፣ የሮማውያን ገንዘብ ነው፣ ከፍሏል። ፈላስፋው ሴኔካ ደግሞ ተናዶ ይጽፋል፦ ሙሌቷን በብርጭቆ ዕቃ አድርገው፣ ስትሞት ቀለሟ ሲለዋወጥ ለማየት ይሰበሰባሉ፤ የሚሞት ወዳጃቸው አልጋ አጠገብ ግን አይቀመጡም። እነዚህ ከወለሉ መሠራት ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ የመጡ ናቸው፣ ልክ ነው። ግን ያ ሆዳም ዓይን ወለሉም ላይ ያለ ይመስለኛል። ዕውቀት ነው ብለው የሚያደንቁት አሉ፤ እኔ ግማሹ የምግብ ፍላጎት ነው እላለሁ። ቢሆንስ? የራበው ሰው አጥርቶ ያያል።

ብቻ ያየው ባለቤቱ አይደለም፣ ሠራተኛው ነው። እሱን ካነሳን አይቀር ወደ ልዳ ልውሰዳችሁ፣ የሰማዕቱ ጊዮርጊስ ከተማ፣ እስራኤል ውስጥ ያለችው የዛሬዋ ሎድ። እ.ኤ.አ. በ1996 መንገድ ሲሠራ ከ300 ዓ.ም. ገደማ የሆነ ሰፊ ሞዛይክ ተገኘ፤ ከጊዮርጊስ ዘመን ማለት ነው። መርከቦች አሉበት፣ ቀጭኔና አውራሪስ አሉበት፣ ሰው የሚባል የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2009 ለጥገና ሲያነሱት ግን ከሥሩ፣ ልስኑ ላይ፣ የሠራተኞቹ የእግር ዱካ ወጣ። አንዳንዱ ባዶ እግሩን፣ አንዳንዱ በሰንደል።

በጥራት ከሆነ የፖምፔው ይበልጣል፣ አልዋሽም። የሎድ ዓሦች ወፈር ወፈር ያሉ ናቸው። እስራኤል ያላችሁ አድማጮቼ፣ የዚህ ሞዛይክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2022 ተከፍቷል፤ ሂዱና እዩልኝ። ልጆቹ ወደ ቀጭኔው ይጎትቷችኋል፤ እናንተ መጀመሪያ መርከቦቹ ዙሪያ ያሉትን ዓሦች እዩ።