በአንድ ግንብ ምትክ የቆመችው ቆርኪ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀርፀው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም ከማይርቀው ቤቴ ነው፤ መስኮቱ ክፍት ስለሆነ የጀልባ ሞተር ድምፅ ጣልቃ ቢገባ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

ቼዝን የተማርኩት በ17 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት የማውቀው ዳማ ብቻ ነበር፤ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ አስምረን፣ ከለስላሳ ጠርሙስ የለቀምነውን ቆርኪ ግማሹን ገልብጠን ደርድረን፣ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር እስኪመሽ እንጫወት ነበር። አጎቴ ያመጣልኝ የቼዝ ሰሌዳ አንድ ነጭ ግንብ (በቀጥታ መስመር የሚሄደው ጠጠር) ጎድሎት ስለነበር በቦታው ቆርኪ አቆምኩበት። በመጀመሪያ ውድድሬ በተከታታይ ስሸነፍ አንድ ታላቄ «ቼዝ በሕፃንነት ካልተጀመረ የትም አያደርስም» አለኝ፤ ያ ቃል ለረጅም ጊዜ ከውስጤ አልወጣም።

በእርግጥ የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ካፓብላንካ በ4 ዓመቱ አባቱ ሲጫወት አይቶ እንደተማረ ራሱ ተናግሯል። እኔን ያጽናናኝ ግን የቼዝ ሊቁ አኪባ ሩቢንስታይን ነው። በዛሬይቱ ፖላንድ፣ ስታዊስኪ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደው ይህ ሰው በቢያሊስቶክ የአይሁድ ሃይማኖት ትምህርት ተማሪ ነበር፤ ከቼዝ ጋር የተዋወቀውም በአሥራዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ነው። ታሪኩን ሳነብ ዋሸራ ቅኔ የተማሩት አያቴ ትዝ አሉኝ። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ጫካ ገብቶ ሲቆጥር ይውልና ማታ መምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩ ካፈረሰበት ደግሞ በማግሥቱ እንደገና ይጀምራል። ሩቢንስታይን ሰሌዳው ፊት እንዲያ ለብዙ ሰዓት መቀመጥን የለመደው፣ ከዚያ ከመጽሐፍ ጉባኤው ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1909 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ከዓለም ሻምፒዮኑ ላስከር ጋር በእኩል ነጥብ 1ኛ ሲወጣ፣ ላስከርን ራሱን ንጉሦች፣ ግንቦችና ወታደሮች ብቻ በቀሩበት የጨዋታ ፍጻሜ አሸንፎታል። እ.ኤ.አ. በ1912 በአምስት ታላላቅ ውድድሮች ብቻውን ወይም በእኩል ነጥብ አንደኛ ሆነ። ለሻምፒዮናነቱ ከላስከር ጋር ሊገጥም ሲጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1914 የፈነዳው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዕድሉን ወሰደበት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ።

ሰዎች ስለ ቼዝ ሊቅ ሲያወሩ ንግሥት ስለ መሠዋት ያወራሉ። የሩቢንስታይን ብልኃት ግን ሰሌዳው ላይ ንጉሥ፣ ግንብና ጥቂት ወታደር ሲቀር ነበር የሚታየው። እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ በአንድ የጠጠሮች አሰላለፍ ላይ ቆየሁ። ወታደሬ ሰባተኛው ረድፍ ደርሶ ንግሥት ለመሆን አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶታል፤ ንጉሤ ፊቱ ላይ ቆሞ መንገዱን ዘግቶበታል፤ ሊወጣ ሲል የባላጋራው ግንብ በቼክ (ንጉሥን በቀጥታ በሚያጠቃ እርምጃ) ያሳድደዋል። መፍትሔው የራሴን ግንብ አስቀድሞ ወደ አራተኛው ረድፍ ማውረድ ነው፤ ያን ጊዜ ንጉሡ ቼኩን እየሸሸ ሲወርድ ግንቡ ከፊቱ ገብቶ ይከልለዋል። ተጫዋቾች ይህን «ድልድይ መሥራት» ይሉታል።

ያ ሰሌዳ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት የ16 ዓመት የጎረቤቴ ልጅ እየመጣች ትማራለች፤ ባለፈው ሳምንት ያቺን ዝገት የጀመራት ቆርኪ በሁለት ጣቶቿ ይዛ ወደ አራተኛው ረድፍ አወረደቻትና፣ እጇን ሳታነሣ ዓይኔን አየችኝ።