ከሪኪ ማርቲን ድምፅ ጀርባ ያለው ሰው፦ ድራኮ ሮሳ

[ምስል፦ የ1995ቱ የሪኪ ማርቲን አልበም። ካሜራው የደራሲዎቹ ስም ወደተጻፈበት ጥግ ይጠጋል።]

«ማሪያ» ከተባለው የዘፋኙ ሪኪ ማርቲን ዘፈን ደራሲዎች መካከል ኢያን ብሌክ የሚል ስም ታገኛላችሁ። የብዕር ስም ነው። ባለቤቱ ሮቢ ድራኮ ሮሳ ይባላል።

ሮሳ በ1969 ኒውዮርክ ውስጥ ተወልዶ ፖርቶ ሪኮ ያደገ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1984 ሜኑዶ ወደተባለው የታዳጊዎች ቡድን ገባ፤ ሪኪ ማርቲንም የገባው በዚያው ዓመት ነው። ሜኑዶ ውስጥ ልጅ ከፍ ሲል ይሰናበትና ሌላ ይተካ ነበር። ሮሳ በ1987 ወጥቶ ብራዚል ሄደ፣ በፖርቱጋልኛ ዘፈነ። በኋላ ለራሱ የሠራው፣ በተለይ የ1996ቱ «ቫጋቡንዶ» አልበም፣ ጨለም ያለ ሮክ ነው። ለቀድሞ ባልደረባው የሚጽፈው ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያስጨፍር ነበር።

በብዕር ስም መጻፍ ለሚያስብ አንድ ነገር እዚህ ላይ ይያዝ። የደራሲያን ገንዘብ የሚሰበስቡ ማኅበራት ሰውን የሚለዩት በቁጥር ነው። የብዕር ስሙ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶት ከእውነተኛው ስም መዝገብ ጋር መያያዝ አለበት። ካልተያያዘ ዘፈኑ ሲደመጥ የሚመጣው ክፍያ ባለቤት አጥቶ ይቀመጣል። ድርሻም እንዲሁ ነው፤ ግጥምና ዜማው ባለቀ ዕለት ማን ስንት በመቶ እንዳለው ተጽፎ ይፈረም። ዘፈኑ ከገነነ በኋላ የሚነሳ ክርክር ወዳጅነትን ይበላል።

[ምስል፦ የ1998 የፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ ስታዲየም።]

የዚያ ዋንጫ መዝሙር «ላ ኮፓ ዴ ላ ቪዳ» የሦስት ሰው ሥራ ነው፦ ሮሳ፣ ዴዝሞንድ ቻይልድ እና ሉዊስ ጎሜዝ ኤስኮላር። ማርቲን በየካቲት 1999 በግራሚ፣ በአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት መድረክ ላይ ተጫወተው። በዚያው ዓመት ሮሳና ቻይልድ የጻፉት «ሊቪን ላ ቪዳ ሎካ» ወጣና የአሜሪካ ዘፈኖች ደረጃ በሚወጣበት በቢልቦርድ ሆት 100 ላይ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

[ድምፅ፦ በደቂቃ 178 ምት የሚቆጥር ሜትሮኖም።]

ይህን የዘፈኑን ፍጥነት ልብ በሉ። አንዱ ምት 337 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ሁለት ሰከንድ የሚዘልቅ ሪቨርብ (የማስተጋባት ድምፅ) ብትጨምሩበት ስድስት ምት ያህል ላይ ይንጠባጠባል፤ ከበሮው፣ ጊታሩና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ተጣብቀው ጭቃ ይሆናሉ። ዘፈኑ ደረቅና ቅርብ ሆኖ የሚሰማው ያለ ምክንያት አይደለም። አዝማቹም ብልህ ነው። ላ፣ ቪ፣ ዳ፣ ሎ፣ ካ፤ አምስት ቀለም፣ ሁሉም በአናባቢ የሚያልቅ። ስፓኒሽ የማያውቅም አንዴ ሰምቶ ይዘፍነዋል።

ቀረጻው፣ እርማቱና ሚክሲንጉ (ድምፆቹን ማመጣጠኑ) ማያሚ ውስጥ ፕሮ ቱልስ በተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተሠራ፤ የሚክሲንጉ ባለሙያ ቻርልስ ዳይ ነበር። ሙሉ በሙሉ ኮምፒውተር ውስጥ ተሠርቶ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው ዘፈን መሆኑ ይነገርለታል። በቴፕ ዘመን ቴፑ በምላጭ ተቆርጦ ነበር የሚቀጠለው። ቴፕ ድምፁ ሲበዛበት ለስለስ አድርጎ ይጨምቀዋል። ኮምፒውተር ግን አይምርም፤ ድምፁ ጣሪያው ከሆነው 0 ዴሲቤል ሲያልፍ ጫፉ ይቆረጥና ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ በ24 ቢት (የዲጂታል ቀረጻ የጥራት ደረጃ ነው) ስትቀርጹ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ላይ ይሁን። ሁለት ቁራጭ ስታገናኙም መጋጠሚያው ላይ ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ አደራርቡ፤ አለበለዚያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይገባል።

[ምስል፦ የ2013ቱ «ቪዳ» አልበም ሽፋን።]

ሮሳ በ2011 ካንሰር ተገኘበት። ከሕክምናው በኋላ የቆዩ ዘፈኖቹን ከሌሎች ድምፃውያን ጋር እንደገና ዘፈናቸው፤ «ቪዳ» በ2013 የላቲን ግራሚ የዓመቱ አልበም ሆነ። ከተጋባዦቹ አንዱ ሪኪ ማርቲን ነው። ሽፋኑ ላይ ግን ድራኮ ሮሳ ይላል።