ሎጋሪዝም ከግራፉ ይጀመር
(ለሂሳብ መምህራን ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ሎጋሪዝም ፈንክሽንን መረዳት፣ መፍታትና ግራፉን መሥራት» ይላል። ሦስቱንም እነካካለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ቅሬታ ይዤ ነው የመጣሁት። ቅሬታዬም ርዕሱ ላይ ካለው ቅደም ተከተል ይጀምራል። ግራፉ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። የምዕራፍ መጨረሻ ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ጊዜ ያጥራል፣ «ቤታችሁ ሥሩት» ይባላል፣ በዚያው ይቀራል።

አንድ ፈተና ላጫውታችሁ። የት ትምህርት ቤት እንደሆነ ይቅር። ጥያቄው ይህ ነበር፦ የኤክስ ሎጋሪዝም ሲደመር የ«ኤክስ ሲቀነስ 2» ሎጋሪዝም እኩል ይሆናል 3። ቤዙ ለሁለቱም 2 ነው፤ ማለትም የአንድ ቁጥር ሎጋሪዝም ያን ቁጥር ለማግኘት 2 በስንት ኤክስፖነንት መነሳት እንዳለበት ይነግረናል። ኤክስን ፈልጉ። አምስት ማርክ።

አንዱ ልጅ እኛ እንዳስተማርነው ሠራ። የሎጋሪዝሞቹን ድምር ወደ ብዜት ቀየረ። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 2 ኤክስ እኩል ይሆናል 8 አለ። ፋክተር አደረገና 4 እና ኔጌቲቭ 2 አገኘ። ሁለቱንም መልስ ብሎ አሰመረባቸው። ከአምስት አራት ተሰጠው።

አንዲት ልጅ ደግሞ ጥቂት መስመር ብቻ ጻፈች። ኤክስ ከ2 መብለጥ አለበት፤ አለዚያ ሁለተኛው ሎጋሪዝም የለም። ሁለቱም ግራፎች ወደ ቀኝ በሄዱ ቁጥር ይወጣሉ፤ ድምራቸውም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ 3 ላይ የሚደርሰው አንዴ ብቻ ነው። ኤክስ 4 ሲሆን 2 ሲደመር 1፣ 3 ይሆናል። መልሱ 4 ነው፤ ሌላ የለም። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከአምስት አንድ! ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ስቴፕ የለውም» ተጽፎበታል።

እስቲ ወገኖቼ፣ የትኛው ነው ስቴፕ የሌለው? ልጅቷ መልሱን ማግኘት ብቻ አይደለም፣ ሌላ መልስ እንደሌለም አረጋግጣለች። ልጁ ግን የኔጌቲቭ 2 ሎጋሪዝም አለ ብሎ ፈርሟል። 2ን በፈለጋችሁት ኤክስፖነንት አንሱት፣ ኔጌቲቭ ሊወጣችሁ አይችልም። የሌለ ነገር አለ ላለው አራት፣ የገባት ልጅ አንድ! ይህን ማርክ የሰጠው ሰው ክፉ አይደለም። የተሰጠውን የማረሚያ መመሪያ ነው የተከተለው። መመሪያውን የምናወጣው ግን እኛው ነን፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው!

ጉዳዩ ኔጌቲቩን በመሰረዝ ብቻ አያልቅም። ድምርን ወደ ብዜት እንደሚቀይረው ያሉ የሎጋሪዝም ሕጎች በጭፍን ከተሠራባቸው የሐሰት መልስ ይጨምራሉ፤ እውነተኛውንም ይሰርቃሉ። በቤዝ 10 የኤክስ ስኩዌር ሎጋሪዝም 4 ነው እንበል። ተማሪው ኤክስፖነንቱን ቶሎ ወደ ፊት ያወጣና ሁለት ጊዜ የኤክስ ሎጋሪዝም 4 ነው፣ ስለዚህ ኤክስ 100 ነው ይላል። ኔጌቲቭ 100ስ የት ሄደ? ስኩዌሩ እኮ ያው 10,000 ነው። ያ ሕግ የሚሠራው ኤክስ ፖዘቲቭ ሲሆን መሆኑን ስንቶቻችን ነን ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው?

ሕጎቹን ከግራፉ ያስቀደምንበት ምክንያት ታሪክ ይመስለኛል። ጆን ኔፒየር በ1614 ሎጋሪዝምን ለዓለም ሲያቀርብ ያሰበው ለሥነ ፈለክና ለባሕር ጉዞ ስሌት ነበር። ማባዛትን ወደ መደመር መለወጥ ለእነዚያ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ሄንሪ ብሪግስ በ1624 የ30,000 ቁጥሮችን ሎጋሪዝም እስከ 14 ዲጂት አስልቶ አሳተመ። በእጁ! ያኔ ሕጎቹ የዕለት እንጀራ ነበሩ። ከ1972 ወዲህ ግን ሎጋሪዝም የሚያሰላ ካልኩሌተር ኪስ ውስጥ ገብቷል። የሠንጠረዡ ዘመን አለፈ። የቀረን ፈንክሽኑ ነው። እኛ ግን ዛሬም ሠንጠረዥ ለሚያገላብጥ ሰው እንደምናስተምር ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ወረቀት ይውጣ። ተማሪው የ2 ፓወር ኤክስን ግራፍ ይሥራ። ቀጥሎ ኤክስ እና ዋይ እኩል በሚሆኑበት ሰያፍ መስመር ላይ ወረቀቱን ይጠፍ። ማዶ የሚያርፈው ሎጋሪዝም ነው። ነጥቦቹን ራሱ ያንብብ፦ ሩብ ላይ ኔጌቲቭ 2፣ ግማሽ ላይ ኔጌቲቭ 1፣ 1 ላይ ዜሮ፣ 2 ላይ 1፣ 4 ላይ 2፣ 8 ላይ 3። ከዋይ አክሲስ ግራ ምንም የለም። ዶሜኑን፣ ማለትም ኤክስ ሊሆናቸው የሚችላቸውን ቁጥሮች፣ ማንም ሳይነግረው አየው ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ይህ ግራፍ ወደ ላይ መውጣቱን ያቆማል? ብዙዎቹ አዎ ይላሉ። ጠፍጣፋ ይመስላላ! አንዱን አሃድ አንድ ሴንቲ ሜትር አድርጉና 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ለመድረስ ወደ ቀኝ ምን ያህል እንደሚሄድ ያስሉት። 2 ፓወር 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 10,737 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ ካለው ርቀት ይበልጣል። ያም ሆኖ መውጣቱን አላቆመም። ይህን ያሰላ ልጅ አግድም አሲምፕቶት፣ ማለትም ግራፉ እየተጠጋው የማይደርስበት አግድም መስመር፣ አለው አይላችሁም።

ግራፉን ወደ ጎን ማንሸራተት ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። በኤክስ ቦታ «ኤክስ ሲቀነስ 3» ሲገባ ዋይ አክሲስ ላይ የነበረው ቁም አሲምፕቶትም አብሮ ሄዶ 3 ላይ ይቆማል። ቤዙ በዜሮና በ1 መካከል ከሆነ ግራፉ ይወርዳል። በሎጋሪዝም ስለሚሠሩት ስለ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ ስለ ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) ሌሎች ተናጋሪዎች ስላሉ አልፈዋለሁ።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የማረሚያ መመሪያው የመጀመሪያውን ማርክ ለዶሜን ይስጥ፤ ዶሜኑን ያልጻፈ ሙሉ ማርክ አያግኝ። ሁለተኛ፣ በግራፍ ተከራክሮ የደረሰ ተማሪ ሙሉውን ያግኝ። ከሰዓት በኋላ የፈተና አውጪዎች ቡድን ሲሰበሰብ ሁለቱንም በጽሑፍ አቀርባለሁ። የሚፈርም ካለ ወረቀቱ እኔ ጋ ነው።

አመሰግናለሁ።