«የወፍ በሽታ» ስንል፦ ስለ ጉበት መድከም ማወቅ ያለብን

[ምስል፦ የአንድ ሰው ዓይን በቅርበት፤ ነጩ ክፍል ወደ ቢጫነት አድልቷል]

የአንድ ሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን በብዙ ቤት የሚሰጠው ስም አንድ ነው፤ የወፍ በሽታ ይባላል። የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋበታለች ወይም ሽንቷ ነክቶታል ይባልና፣ ታማሚው ከጤና ጣቢያ አስቀድሞ ቅጠል ወደሚያውቁ አዋቂ ይወሰዳል። ስሙን ያወጡት ሰዎች ምልክቱን በሚገባ አስተውለዋል። ምክንያቱ ግን ዓይን ላይ የሚታይ አይደለም፤ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቶች ሥር በተቀመጠውና በአዋቂ ሰው ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል በሚመዝነው ጉበት ውስጥ መፈለግ ይኖርበታል።

ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ከኖረ በኋላ ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይተዋል። ጉበት ይህንን ከደም ውስጥ ለቅሞ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ያስወግደዋል። ሥራው ሲታወክ ቢጫው በደም ውስጥ ተከማችቶ ዓይንና ቆዳ ላይ ይታያል፤ ሽንትም ይጠቁራል። ወባ የደም ሕዋሳትን በብዛት ሲያፈርስ ወይም የሐሞት ጠጠር መተላለፊያውን ሲዘጋም ዓይን ቢጫ ስለሚሆን፣ ቢጫነት የጉበት መድከም ማረጋገጫ ሳይሆን የመመርመሪያ ምክንያት ነው።

[ምስል፦ ጉበትና ከአንጀት ደም የሚያመጣለት ትልቁ የደም ሥር]

ጉበት ሲደክም ከሚታዩት ምልክቶች አብዛኞቹ ከተቋረጡት ሥራዎቹ የሚመነጩ ናቸው። አልቡሚን የተባለውን ፕሮቲን በበቂ መጠን ማምረት ሲያቅተው እግር ያብጣል፤ ወደ እርሱ የሚመጣው ደም በጠባሳ ምክንያት መንገድ ሲያጣ ደግሞ ሆድ ውስጥ ውኃ ይቋጠራል፣ በጉሮሮ ቧንቧ ያሉት ሥሮችም ተወጥረው ሲፈነዱ ታማሚው ደም ያስታውካል። ደም የሚያረጉትን ንጥረ ነገሮች ሳያመርት ሲቀር ድድ ይደማል። በአንጀት ውስጥ የሚፈጠረውን አሞኒያ ማጣራት ሲያቆም ደግሞ መርዙ አንጎል ይደርሳል፤ ሰውየው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፣ ቀጥሎም መቀባዠር ይጀምራል። ይህ የመጨረሻው ምልክት በቤተሰብ ዘንድ እንደ መንፈስ ልክፍት እየታየ ውድ ሰዓታት ማለፋቸው እጅግ ያሳዝናል።

አደጋው በሁለት መንገድ ይመጣል። አንዱ ጤነኛ የነበረ ጉበት በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሲወድቅ ነው። ሌላውና የተለመደው ለዓመታት በዝምታ እየቆሰለ በጠባሳ ሲሸፈን የሚደርሰው ሲርሆሲስ ነው። ጉበት የሕመም ስሜት እምብዛም ስለማይሰጥ ብዙዎች የሚያውቁት ከረፈደ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የወፍ በሽታ መድኃኒት ለምን እንደሚታመን ማስረዳት ይገባል። ሄፓታይተስ ኤ፣ ጉበትን ከሚያጠቁት ቫይረሶች አንዱ፣ በተበከለ ምግብና ውኃ የሚተላለፍ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ በራሱ ይድናል። ታማሚው በዚያው ጊዜ ቅጠል ጠጥቶ ከሆነ ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ሌላው የጉበት ቫይረስ ያለበት ሰው ግን ያንኑ ቅጠል ጠጥቶ ዓይኑ ቢጠራለትም ቫይረሱ ጉበቱ ውስጥ ሊቀር ይችላል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2022 እ.ኤ.አ. 254 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ቫይረስ በሥር የሰደደ መልኩ ነበረባቸው። ከእናቱ በወሊድ ጊዜ የተያዘ ሕፃን ካልተከተበ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል፤ በአዋቂነት ከተያዙት ግን ከመቶ አምስት የማይሞሉት ናቸው።

[ምስል፦ የእህል ማሳ፤ በሰብሉ መካከል የበቀለ አረም]

ቅጠል ሁሉ ምንም አይጎዳም የሚለውን እምነት የሚያናጋ ታሪክ ደግሞ በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ተፈጽሟል። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንድ አካባቢ ነዋሪዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ሆዳቸው እያበጠ ታመሙ፤ ብዙዎችም ሞቱ። ከዓመታት ምርመራ በኋላ ጥርጣሬው ያረፈው በሰብሉ መካከል በቅሎ ከእህሉ ጋር በሚቀላቀል አጌራቱም በተባለ አረም ላይ ነው። በውስጡ ያሉት ፒሮሊዚዲን አልካሎይዶች የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋሉ። ገበሬዎቹ ያጠፉት ጥፋት አልነበረም፤ የበሉት የገዛ ማሳቸውን እህል ነበር።

ሌሎቹ ምክንያቶች ከእጃችን የራቁ አይደሉም። አረቄን በብዛትና በየቀኑ መጠጣት ጉበትን በጠባሳ ይሸፍናል። በሐረር ሁለት ሆስፒታሎች የተካሄደና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት መቃም ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ፓራሲታሞል በልኩ ሲወሰድ ደኅና መድኃኒት ነው፤ ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም ከሆነ ከስምንት ፍሬ ማለፍ ግን አይገባም፤ ጉበቱ ለተጎዳ ወይም አልኮል ለሚያዘወትር ሰው ደግሞ ልኩ ከዚህ ያነሰ ነው። ከልክ በላይ የወሰደ ሰው ምንም ባይሰማውም ፈጥኖ ሆስፒታል ይሂድ፤ ማርከሻው የተሻለ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዓታት ነው።

ጉበትን የሚያድኑ መንገዶች አሉ፤ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ክትባትን ነው። በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሌሎች ጋር ተቀናጅቶ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የመጀመሪያው ክትባት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይመክራል፤ ከእናት የሚተላለፈውን የሚከላከለው ይህ ፈጣን ክትባት ስለሆነ ነፍሰ ጡር እናት ለራሷ ምርመራውን፣ ለልጇም ይህንን ክትባት ትጠይቅ። ቫይረሱ ለተገኘበት ሰው መባዛቱን የሚገቱ መድኃኒቶች አሉ። ሌላውን የጉበት ቫይረስ ሄፓታይተስ ሲን ደግሞ የዛሬዎቹ እንክብሎች በ8 ወይም በ12 ሳምንት ከመቶ ዘጠና አምስት በሚበልጡት ላይ ፈጽመው ያድኑታል።

[ምስል፦ ታማሚን ደግፎ ወደ ሆስፒታል የሚገባ ቤተሰብ]

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው መቀባዠር፣ ደም ማስታወክ ወይም ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ሰገራ መውጣት ከጀመረው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይድረስ። እንዲረጋጋ ተብሎ የእንቅልፍ መድኃኒት አይሰጠው። ቤተሰቡም ታማሚው የወሰደውን ሁሉ፣ እንክብሉንም ሆነ ቅጠሉን፣ ይዞ ይሂድና ሳያፍር ለሐኪሙ ያሳይ።