አዎ አለች

እሺ፣ ጀመርን። ከኋላ የሚያጉረመርመው የጎረቤት ጄኔሬተር ነው። የእኔንና የእሱን ፀብ ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ አልገባበትም። አስር ደቂቃ ብቻ ነው የማወራው። ሳቁ፣ ግዴለም።

ስለ እማዬ እግር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ቁስሉ አልሻረም። ግን አላመረቀዘምም። ጠገገ ስንል ጠርዙ ይደድራል፣ ከስር ደግሞ ተመልሶ ይከፈታል። ያው ከአውራ ጣቷ ስር፣ ስትራመድ ክብደቷ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ስኳሯ እንኳን ተስተካክሏል። ሐኪሙ አመስግኗታል፤ እሷም ምስጋናውን ለሰፈሩ አዳርሳለች።

ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ግን ስለ ክሩ ነው።

ቁስል ብቻ ወደሚያዩበት ክፍል ተላክን። እንደገባን ፋሻውን የሚፈቱ መስሎኝ ነበር። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ከታናሽ እህቴ ብታንስ ነው። «መጀመሪያ ደህናውን እግርዎን ያሳዩኝ እማማ» አለቻት። ከጋውኗ ኪስ እስክሪብቶ የምታክል ነገር አወጣች። ጫፏ ላይ ናይለን ክር አለ፣ የዓሣ ማጥመጃ የመሰለ። ቆዳ ላይ ሲጫኑት 10 ግራም ላይ ይጎብጣል። በቃ፣ እግር ይሰማው አይሰማው እንደሆነ የሚያዩበት መሣሪያ ይኸው ነው። ስሜቱን እንድታውቀው መጀመሪያ እጇን ነካ አደረገቻት። ከዛ «ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ እግርዎን ስነካዎት አዎ ይበሉኝ» አለቻት።

እማዬ ጨፈነች። ያውም ግንባሯ እስኪጨማደድ።

ዶክተሯ አውራ ጣቷ ስር ነካች። ክሩ ጎበጠ። እማዬ ዝም። ትንሽ ወደ ጎን ሄዳ ነካች። ጎበጠ። ዝም። ከዛ ክሩን አነሳችና አየር ላይ እንደያዘች «አሁንስ?» አለቻት።

«አዎ!»

ምንም አልነካትም እኮ።

ቆይ ልድገመው። ሲነካት ዝም፣ ሳይነካት አዎ። ደግሞ «አዎ» ብቻ አይደለም፣ ቀጥላ «ይሰማኛል ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለች። እኔ ሳቄ መጣ። ዶክተሯ አልሳቀችም። ሳይነኩ መጠየቅ የምርመራው አካል ነው ለካ፤ ሰውየው የሚገምት ከሆነ በዚያ ይለዩታል። ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። እማዬ ዓይኗን ገለጠችና «አለፍኩ?» አለች። በስንት ዘመኗ የተፈተነች ተማሪ!

እና ዋሸች ማለት ነው? አይመስለኝም። እማዬን ታውቋታላችሁ። ሰው ቤት ሄዳ «በላሽ?» ስትባል፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳትቀምስ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» የምትል ሴት ናት። ያቺ ልጅ ጎንበስ ብላ እግሯን ይዛ ስትለፋ «የለም፣ አልተሰማኝም» ብላ እንዴት ታሳፍራት? ይሉኝታ እግር ድረስ ይወርዳል እንዴ?

ከዛ ፋሻው ተፈታ። በምላጭ የደደረውን ጠርዝና የሞተውን ስጋ መላጥ ጀመረች። ደም መጣ። ደሙ ሲታይ ዶክተሯ ደስ አላት፤ ህይወት ያለው ስጋ ላይ ደረስኩ ማለት ነው አለችኝ። እማዬ ደግሞ በዚያ መሃል ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራለች። እግሯ እየተላጠ! ነርሷ በወረቀት ማስመሪያ ስፋቱን ለካች፣ ፎቶ አነሳች። በአራት ሳምንት ውስጥ በግማሽ ያህል ካልጠበበ፣ ህክምናው እንደገና ይታያል አሉን።

ማሩስ ያላችሁኝ አላችሁ። ማር ለቁስል ይውላል፣ አዎ፣ ግን በጨረር የጸዳ፣ ለህክምና ተብሎ የተዘጋጀ ነው። የገበያው ማር አይደለም። እትዬ ደግሞ፣ ያቺ የጎረቤታችን እትዬ፣ «ክፈቱት፣ ንፋስ ይንካው፣ ይድረቅ» ማለት አልተወችም። ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያስበው። በፈረንጅ 1962 ዊንተር የሚባል ተመራማሪ ግን ተሸፍኖ እርጥበት የያዘ ቁስል፣ ተከፍቶ ከደረቀው ቶሎ ቆዳ እንደሚያወጣ አሳይቷል። አዲሱ ቆዳ ቅርፊት ከሌለበት በቀላሉ ይሻገራላ። ሰውየው ይህን ያየው አሳማ ላይ ነው። ለእትዬ ሁሉን ነገርኳት፣ አሳማውን ዘለልኩት። ይኸኔ እሱን ሰምታ ቢሆን ፋሻውን ራሷ ትፈታው ነበር።

ምን ልል ነበር... አዎ። ከላይ የፈለገውን ይቀቡት፣ እየተረገጠ አይድንም። ይህን ዓለም የተማረው ከሥጋ ደዌ ታማሚዎች ነው። ድሮ በሽታው ራሱ ስጋውን የሚያበሰብስ ይመስላቸው ነበር። ፖል ብራንድ የሚባል ህንድ የተወለደ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም፣ እዚያው ህንድ ቬሎር የምትባል ከተማ እየሰራ ነው ነገሩን የተረዳው። እግሩ ስለማይሰማው ታማሚው ቁስሉን እየረገጠ ይሄዳል። እኔና እናንተ አሸዋ ጫማችን ውስጥ ቢገባ እናነክሳለን። እሱ አያነክስም። ኋላ ላይ ብራንድ አሜሪካ ሄዶ የስኳር ታማሚ እግርም ያው መሆኑን አሳየ። ለዚህ እኮ ሩቅ መሄድም የለብንም። ዘነበወርቅ ያለው አለርት፣ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ፣ ከ1965 ጀምሮ፣ ያው በፈረንጅ ነው፣ ስንቱን የማይሰማ እግር አይቷል። ልጅ ሆነን በታክሲ ስናልፍ ፊታችንን የምናዞርበት ቦታ... ይቅር፣ እሱ ሌላ ክፍል ይወጣዋል።

እና ዶክተሯ ያዘዘችው ጀሶ ነው። አጥንት የተሰበረ መስሏችሁ እንዳትደነግጡ። ከጉልበት በታች እስከ ጣት፣ እግሩ ላይ ልክክ ብሎ ይሠራና ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ እንዳያርፍ ያከፋፍለዋል። መጀመሪያ ደም እግሩ ድረስ መድረሱን፣ ኢንፌክሽን አለመኖሩን አዩ። «የሚወልቅ ጫማ ቢሆንስ?» አልኳት። የሚወልቅ ነገር ይወልቃል አለችኝ። እውነቷን ነው። አሜሪካ በፈረንጅ 2003 ላይ የወጣ አንድ ጥናት ላይ ሰዎቹ የሚወልቀውን ጫማ አድርገው የተራመዱት ከእርምጃቸው 28 በመቶውን ብቻ ነው። ቤት ሲገቡ ያወልቁታል። እማዬ ብትሆን 28ቱም ይበዛባታል፤ ሰው በር ሲያንኳኳ በባዶ እግሯ ነው ብድግ የምትለው።

«ጀሶ አድርጌ ቅዳሴ እንዴት እቆማለሁ?» አለች።

«ይቀመጣሉ እማማ።»

ያየቻትን አስተያየት ብታዩ! ለዚያች ልጅ አየር ላይ «አዎ» ስትል የነበረችው ሴት፣ ለዚህ አንድም አዎ የላትም።

አሁን ቤት ውስጥ እኔ ነኝ ህመሟ። እግሯ «ተይ» የማይላትን እኔ እላታለሁ። «አትነሺ፣ አትርገጪ፣ ነጠላ ጫማውን አውልቂው።» ህመምን ደግሞ ማን ይወዳል? «አንቺ ልጅ፣ ትንሽ ልረፍብሽ» ትለኛለች። ልክ ነች መሰለኝ። ወይም... አይ፣ ልክ አይደለችም። ግን ደግሞ ያቺ ሴት ቆማ ነው ሁላችንን ያሳደገችው፣ አሁን ተቀመጪ ሲሏት...

ያንን የአየር ላይ «አዎ» እስካሁን አልነገርኳትም። እህቴ አትንገሪያት ትላለች፣ ትሸማቀቃለች። እኔ ግን ካላወቀች የማትሰማውን እግር እንዴት ትጠረጥረዋለች እላለሁ። ደግሞ ብነግራት በሚቀጥለው ጊዜ «እንዳይሸውዱኝ» ብላ ጨርሶ ዝም ትላለች። ታደርገዋለች።

ለጊዜው የተጣላነው ግን በቀኑ ነው። የካቲት ኪዳነ ምሕረት ደርሳለች። እህቴ ጀሶው ከበዓሉ በኋላ ይሁን፣ አንድ ቀን ናት ትላለች። አንድ ቀን ናት? ከሌሊት ጀምሮ ነው እኮ የምትቆመው። እኔ በፊት ባይ ነኝ። በፊት ከሆነ ደግሞ ቀጠሮውን አሁኑኑ መደወል አለብኝ፣ ከዛ ለእሷ መንገር፣ እና እሱን ደግሞ... እህቴ ትንገራት። ወይ እትዬ። እትዬ እንኳን አትሆንም፣ ክፈቱት ነው የምትለው። እስኪ አያለሁ...