ከተቆራረጠ ልምምድ በኋላ ዳገታማ ማራቶን

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማነሳው፣ ውድድሩ አምስት ስድስት ሳምንት ሲቀረው ብዙ ሯጭ የሚገባበትን ጭንቀት ነው። ምዝገባው አልቋል። የልምምድ ደብተሩ ግን ግማሹ ባዶ ነው፤ ወይ እግር ታሞ፣ ወይ ጉንፋን ጥሎ፣ ወይ ሥራ በዝቶ። መንገዱ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት የሞላበት። ልሩጥ ወይስ ልተወው?

ሰው መጀመሪያ የሚቆጥረው ያመለጠውን ቀን ነው። እኔ ግን ከቀኑ ብዛት በፊት ልምምዱ ለምን እንደተቋረጠ መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ። አበበ ቢቂላን እንውሰድ። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ የሮጠው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ነበር። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፣ ተከታዩንም ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ይህን ታሪክ የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሳችንን ለማደፋፈር ነው። ያው አበበ ግን በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ የእግር ጉዳት ይዞ ገብቶ 20 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። ቶኪዮ ላይ እግሩ ጤነኛ ነበር፣ ከበስተጀርባውም የዓመታት ሩጫ ነበረው። ሜክሲኮ ላይ የታመመው ራሱ የሚሮጥበት እግር ነው።

ትንፋሽ ቶሎ ይወርዳል፣ ቶሎም ይመለሳል። አንድ ሳምንት ማረፍ ከቁጥር የሚገባ ጉዳት የለውም። ወደ ሁለት ሳምንት ሲጠጋ በደም ሥር ውስጥ ያለው የፈሳሽ መጠን ይቀንሳል፤ ስለዚህ በለመዳችሁት ፍጥነት ስትሮጡ ልባችሁ ከወትሮው በላይ ይመታል። ይህ በጥቂት ሳምንት ቀላል ሩጫ ይስተካከላል። ጅማትና አጥንት ግን ቀርፋፋ ናቸው፤ ለወራት ጊዜ ይፈልጋሉ። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ትንፋሹ ሲመለስ ሯጩ የዳነ ይመስለዋል፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ ገና ያልጠናው እግር ደግሞ ይሰበራል። ሁለተኛው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ሕመሙን ለመለየት፦ ጠዋት የሚይዝና ሰውነት ሲሟሟቅ የሚላላ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጅማት ነው፣ በጥንቃቄ ሊሠራበት ይችላል። ቅልጥም ወይም የእግር መዳፍ አጥንት ላይ በአንድ ጣት ጠቁማችሁ የምታሳዩት፣ በሮጣችሁ ቁጥር የሚብስ፣ በአንድ እግር ስትዘሉ የሚወጋ፣ ሌሊትም የሚሰማ ከሆነ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሐኪም እስኪያየው ሩጫ የለም። ትኩሳት ካለም እንዲሁ።

ከዚህ የተረፈ ሰው የሚሠራው ትልቁ ጥፋት ማካካስ ነው። ያመለጠ ሳምንት አይከፈልም። ስድስት ሳምንት ከቀረ፣ በሳምንት አራት ቀን መሮጥ በቂ ነው፤ ሦስቱ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ አንዱ ረጅም። ረጅሙን ከ18 ኪሎ ሜትር ጀምሩና ወደ 22፣ 25፣ 28 አሳድጉት። 28ቱ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይሁን፤ ከዚያ 18፣ ቀጥሎ 12፣ ከዚያ ውድድሩ። አስር ቀን ሲቀረው 32 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ድካሙን ተሸክሞ ነው መነሻው ላይ የሚቆመው። ቀስ ብላችሁ የምትሮጡ ከሆነ ደግሞ ርቀቱን ትታችሁ ሰዓቱን ያዙ፤ ሦስት ሰዓት ሲሞላ ቁሙ። ሦስት ሳምንት ሲቀረው እርምጃ ቀላቅላችሁም 25 ኪሎ ሜትር መጨረስ ካቃታችሁ፣ በእኔ ግምት ግማሽ ማራቶን መሮጥ ወይም ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ይሻላል።

አሁን ወደ ዳገቱ፤ ወይም እውነቱን ለመናገር ወደ ቁልቁለቱ። ዳገት ትንፋሽ ይቀማል እንጂ እግር አይሰብርም። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ሰውነትን የሚይዘው፤ እንደ ፍሬን ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ጡንቻው ውስጥ ጥቃቅን መበጣጠስ ይፈጠራል። የቦስተን ማራቶን ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ሲነሳ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሁሉም በነፃ የሚሮጥ ይመስለዋል። ከ26 ኪሎ ሜትር አካባቢ ጀምሮ ግን ኒውተን በምትባለው ከተማ ያሉት አራት ዳገቶች ይመጣሉ፤ የመጨረሻው፣ ልብ ሰባሪው የሚሉት፣ 32ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ በብዛት ቁልቁለት ነው፣ ያለቀ ጭን ደግሞ ቁልቁለቱን መውረድ ያቅተዋል።

ደግነቱ ጡንቻ ይህን ቶሎ ይማራል። አንድ የቁልቁለት ልምምድ እንኳ ለተወሰኑ ሳምንታት ይከላከላል። ስለዚህ ውድድሩ አምስትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ለስላሳ ቁልቁለት ፈልጋችሁ 300 ሜትር ያህል ስድስት ጊዜ ውረዱ፤ ሽቅቡን በእግራችሁ ሂዱ። አጭር እርምጃ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ወደ ኋላ ሳትጋደሙ። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ጭናችሁ ደረጃ ሲወርድ ይጮኻል፤ የሚጠበቅ ነው። በመጨረሻዎቹ አስር ቀናት ግን እንዳትሞክሩት።

የፍጥነት ዕቅዱም ይቀየር። 4 ሰዓት ለመግባት አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ መሮጥ ያስፈልጋል፤ 4 ሰዓት ተኩል ከሆነ 6 ደቂቃ ከ24። የልምምዱ ግማሽ ለጎደለው ሰው ይህ ሁለተኛው ነው የሚስማማው፣ የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች ደግሞ ከዚያም በኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ቀስ ብሎ። ዳገት ላይ ሰዓት አትዩ፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ዳገቱ የወሰደውን ሰከንድ ቁልቁለቱ ላይ ላስመልስ አትበሉ።

እርምጃ መቀላቀልን የሚንቅ ሯጭ ሞልቷል። እስቲ እናስላው። 9 ደቂቃ በኪሎ ሜትር 6፡20 (6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ) ፍጥነት ሮጣችሁ 1 ደቂቃ ብትራመዱ፣ አማካዩ በኪሎ ሜትር ወደ 6፡35 ይወጣል። በጠቅላላው ማራቶን ላይ የሚጨምረው 10 ደቂቃ ገደማ ነው። 32ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሩ ከድቶት የቀረውን በእግሩ የሚሄድ ሰው ከዚያ እጅግ የበለጠ ያጣል። ብልሃቱ ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ መራመድ ነው፤ ከደከማችሁ በኋላ የሚጀመር እርምጃ ዕረፍት አይሆንም።

ስንቅ ላይ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ ልምምዱ የጎደለው ለእግር ብቻ አይደለም፣ ሆድም አልለመደም። በሰዓት 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ጥሩ ነው ይባላል፣ ግን ያልለመደ ሆድ ያንን ሊመልሰው ይችላል። አንድ ጄል፣ ማለትም በትንሽ ከረጢት የሚመጣው ወፍራም ጣፋጭ ስንቅ፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ይይዛል፤ በየ30 ደቂቃው አንድ፣ ከ30ኛው ደቂቃ ጀምሮ፣ በውሃ። ጄልና ጣፋጭ የስፖርት መጠጥ አንድ ላይ ከሆኑ ሆድ ይረበሻል። በመንገድ ላይ የምትቆዩበት ሰዓት ስለጨመረ ጄሉም ይጨምር፤ ለ4 ሰዓት ተኩል ስምንት ያህል ያዙ። ውሃ ሲጠማችሁ ጠጡ፣ በየጣቢያው በግድ አይሁን። ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው ከላቡ በላይ ከጠጣ የደሙ ሶዲየም ይወርዳል፤ የጣት ማበጥ፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ግራ መጋባት ከታየ ወዲያው ወደ ሕክምና ድንኳን። ኢቡፕሮፌን ውጦ መነሳትንም አልደግፍም፤ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ማቆም ያለባችሁን ሕመም ደግሞ ይደብቃል።

የምታቋርጡበትን ምክንያት ከዋዜማው ወስኑ፤ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ማንም በትክክል አያስብም። የጡንቻ መሸማቀቅ ከሆነ ቁሙ፣ ጡንቻውን ሳብ ሳብ አድርጉ፣ ተራመዱ፣ ቀጥሉ። አረማመዳችሁን የሚቀይር፣ የሚያስነክስ ሕመም ከሆነ ግን ሩጫው እዚያው ያበቃል። አቋራጮችን የሚያነሳው አውቶቡስ የት የት እንደሚቆም ካርታው ላይ አስቀድማችሁ ተመልከቱ፣ ስልካችሁንም ያዙ፤ ላቡ እየደረቀበት መንገድ ዳር የሚቆም ሰው በቶሎ ይበርደዋል።