ዘፋኙ ሳይዘፍን

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ስለቆየ ነገር ነው። ዘፋኝ ሆስት፣ ማለትም የምሽቱ መሪ ሆኖ የሠራበትን የኮሜዲ ዝግጅት አይተን "አሪፍ ነበር" ወይም "አይረባም" ስንል፣ የምንፈርደው ምኑን ነው?

ታናሽ ወንድሜና እኔ አንድ ልማድ አለን። የአሜሪካውን የኮሜዲ ፕሮግራም የሰተርደይ ናይት ላይቭን አዲስ ክፍል ለየብቻችን እናያለን። ከዚያ ከአስር ስንት እንደሰጠነው እንጻጻፋለን። አንድ ጊዜ ዘፋኝ ሆስት የሆነበትን ክፍል እኔ ዘጠኝ ሰጠሁት፣ እሱ አምስት። ወዲያው ደወለ። "እሺ፣ የትኛው ስኬች ነው ያሳቀህ?" አለኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩ። የመጣልኝ ዘፈኑ ነው። ልብሱ ነው። መድረክ ላይ ሲወጣ የሰዉ ጩኸት ነው። ስኬች፣ ማለትም አጭር የኮሜዲ ትዕይንት፣ ግን አንድም አልመጣልኝም። "በቃ፣ ዘጠኝ የሰጠኸው ለኮንሰርቱ ነዋ" አለኝ።

እውነቱን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አተያዬ ተቀየረ።

ፕሮግራሙን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 1975 ነው (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የሚተላለፈው ኒውዮርክ ሮክፌለር ሴንተር ውስጥ ካለው ስቱዲዮ 8ኤች ነው፣ ያውም በቀጥታ። በየሳምንቱ አንድ ታዋቂ ሰው ሆስት ይሆናል። መግቢያ ንግግሩን ያደርጋል፣ ከዚያ ከቋሚዎቹ ኮሜዲያን ጋር በየስኬቹ ይተውናል። ሙዚቃውን የሚያቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ እንግዳ ነው። አንዳንዴ ግን አንድ ሰው ሁለቱንም ይይዛል።

የሆስቱን ሳምንት ሳታውቁ መፍረድ ይከብዳል። ሰኞ ከጸሐፊዎቹና የፕሮግራሙ ፈጣሪ ከሆነው ከሎርን ማይክልስ ጋር ይሰበሰባል። ሐሳብ ይሰማል። ማክሰኞ ጸሐፊዎቹ ሲጽፉ ያድራሉ። ረቡዕ ጠረጴዛ ከበው አርባ ገደማ ስኬች ጮክ ብለው ያነባሉ። ከዚያ ውስጥ የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። ሐሙስና ዓርብ ልምምድ ነው። ቅዳሜ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ተመልካች ባለበት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሠሩታል። ሰው ያልሳቀበት እዚያው ይወድቃል። የቀረውም ይቆረጣል፣ ይለወጣል። 5፡30 ሲል ቀጥታ ስርጭት ይገባሉ፣ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት።

እንግዲህ ዘፋኙን እዚህ መሃል አስቀምጡት። ዘፋኝ የለመደው አንድን ዘፈን መቶ ጊዜ መዝፈን ነው። ተመልካቹ ግጥሙን በቃሉ ያውቀዋል፣ ገና ሳይጀምር ይወደዋል። እዚህ ግን ጽሑፉ የአራት ቀን ነው። ከሰዓታት በፊት ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ንግግሩ ትልልቅ ካርቶን ላይ በእጅ ተጽፎ ከካሜራው አጠገብ ተይዞለታል። እያነበበ ያላነበበ መምሰል አለበት። ዘፈን ላይ አንድ ኖታ ቢስት ባንዱ ይሸፍንለታል። ቀልድ ላይ ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ የሚሸፍንለት የለም።

ያን ግማሽ ሰከንድ በደንብ ማስተዋል የጀመርኩት ከወንድሜ ጋር ከተከራከርን በኋላ ነው። ሙዚቀኛ ከማንም በላይ ሊያውቀው የሚገባ ነገርም ይሄው ነው። መቼ እንደሚገባ፣ መቼ ዝም እንደሚል ያውቃል። ከበሮ መቺ ያልመታት ምት ከመታት እኩል ዋጋ አላት። ቀልድም እንደዚያ ነው። ስለዚህ "ዘፋኝ ነው፣ ምን ይጠበቃል" የሚለውን ማለፊያ አልወደውም። መሣሪያው በእጁ አለ። ጥያቄው በሌላ ሥራ ላይ ሊጠቀምበት ይችላል ወይ ነው።

ታሪኩ ራሱ የሚገርም ነው። የፕሮግራሙ ሁለተኛ ሆስት ዘፋኝ ነበር፣ ፖል ሳይመን። ያ ክፍል ሲበዛ ሙዚቃ ነው። ቋሚዎቹ ኮሜዲያን እምብዛም አይታዩበትም። ለጆሮ ደስ ይላል፣ ግን የኮሜዲ ዝግጅት ነው ለማለት እቸገራለሁ። ይኸው ሰው በ1976 ተመልሶ መጣ። የቱርክ ዶሮ ልብስ አልብሰውታል። ቆሞ የራሱን ለስላሳ ዘፈን ጀመረ፣ ከዚያ አቋርጦ ስለ ልብሱ አማረረ። ፊቱ ላይ ፈገግታ የለም። ከልቡ የተከፋ ነው የሚመስለው። በአንድ ዓመት ልዩነት ያው ሰው፣ ያው ድምፅ። በመጀመሪያው ዘፈኑ ጠበቀው። በሁለተኛው ዘፈኑን አሳልፎ ሰጠ። እኔን ያሳቀኝ ሁለተኛው ነው።

በተቃራኒው ፍራንክ ዛፓን አስቡ፣ 1978። በሙዚቃው ሊቅ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ስኬቾቹ ላይ ከካርቶን እያነበበ መሆኑን ለተመልካቹ ያሳይ ነበር፣ ከጨዋታው ውጭ እንደቆመ ሰው። አጠገቡ ያለው ተዋናይ ሳምንቱን ሙሉ የለፋበትን ነገር ማቅለል ነው ይሄ። ቀልድ እምነት ይፈልጋል። አንዱ ካላመነ ሁሉም ይወድቃል።

ጀስቲን ቲምበርሌክ በ2003 ሲመጣ ደግሞ ከኮሜዲያኑ ጂሚ ፋለን ጋር የሠራው፣ የቢ ጂስ ባንድ ዘፋኞች በሆኑት በጊብ ወንድማማቾች ላይ የሚቀልድ የቶክሾው ስኬች አለ። ፋለን ባሪን ሆኖ ይጮሃል፣ ይቆጣል፣ ይዘልላል። ቲምበርሌክ ወንድሙን ሮቢንን ሆኖ አጠገቡ ይቀመጣል። ሲጠየቅ እንኳ የምጨምረው የለኝም ዓይነት መልስ ነው የሚሰጠው። በወቅቱ ትልቅ ኮከብ ነው፣ ትንሿን ቦታ ነው የያዘው። አንድ ላይ ሲዘፍኑ ግን ድምፃቸው ገጥሞ ሲወጣ፣ ሳቁ ከዚያ ይመጣል። ሁለተኛ ድምፅ መያዝ የሚችል ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። አሪያና ግራንዴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2024። ያን ምሽት ሆስት ብቻ ነበረች፣ የሙዚቃ እንግዳዋ ስቲቪ ኒክስ ናት። በአንዱ ስኬች የሰርግ ድግስ ላይ አራት ሚዜዎች ማይክ ይዘው ለሙሽራዋ ይዘፍናሉ። በዘፈናቸው ውስጥ ሙሽራው የማያውቀው ጉድ ይወጣል፣ ዶሚንጎ የሚባል ሰው ጉዳይ። ሁሉም ከቃና ውጭ ነው የሚዘፍኑት። ግራንዴም እንደዚያው።

መጀመሪያ ሳየው ሳቅኩ፣ አለፈ። ሁለተኛ ሳየው እሷን ብቻ ተከታተልኩ። ጥሩ ድምፅ ላለው ሰው አበላሽቶ መዝፈን እንዴት እንደሚከብድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ጆሮ የለመደው ወደ ትክክለኛው ኖታ ይስባል። እሷ በየስንኙ እዚያ አጠገብ ትደርሳለች፣ ትንሽ ታጎድለዋለች። ብዙ ብታጎድል ማስመሰል ይሆናል። ትንሿ ጉድለት ናት "ይቺ ልጅ ጥሩ የምትዘፍን መስሏታል" የምታሰኘው። ፊቷ ላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ኩራት አለ። የምትታወቅበትን ነገር ሆን ብላ ሰበረችው፣ ያውም በልክ። ከልጅነቷ ጀምሮ ብሮድዌይና ቴሌቪዥን ላይ መተወኗ ረድቷታል ብዬ አምናለሁ። ለዚያ ክፍል ዘጠኝ ሰጠሁ። ወንድሜም ዘጠኝ። ከስንት ጊዜ አንዴ ነው እንዲህ የምንገጥመው።

የፖርቶ ሪኮው ዘፋኝ ባድ በኒም ሳይነሳ አይለፍ። በ2023 ሲመጣ የሚዘፍነውም የሚያስበውም በስፓኒሽ ነው። መግቢያው ላይ ተዋናዩ ፔድሮ ፓስካል አስተርጓሚ ሆኖ አብሮት ቆመ። ከስኬቾቹ አንዳንዶቹ በስፓኒሽ ነበሩ። በሁለተኛ ቋንቋ ማሳቅ ምን እንደሚመስል የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ። ቃሉን ፈልጋችሁ እስክታገኙ ቀልዱ ይቀዘቅዛል። እሱን በእንግሊዝኛው ብቻ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው። በራሱ ቋንቋ ሲናገር ትከሻው እንኳ ይለቀቃል፣ ሌላ ሰው ይሆናል።

አሁን ስፈርድ እንዲህ ነው የማየው። መጀመሪያ፣ ሌላው ሰው ሲናገር ሆስቱ ምን ያደርጋል? ዓይኑ ካርቶኑ ላይ ተራውን እየጠበቀ ነው ወይስ እየሰማ ነው? የሚሰማ ሆስት፣ መልሱ ጥሩ ባይሆን እንኳ ስኬቹን አይገድለውም። ሌላው፣ መዝፈን መሸሸጊያው ነው ወይ? መግቢያ ንግግሩ ሲከብደው ወደ ዘፈን የሚሮጥ አለ። ሰው ያጨበጭባል፣ ያልፋል። ማጨብጨብና መሳቅ ግን ለየቅል ናቸው። እኔ ያኔ ዘጠኝ ስሰጥ ያምታታኝም ይሄ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለፍትሕ ስል ልበል። ሆስቱ ስኬቹን አልጻፈውም። ጽሑፉ ደካማ ሲሆን ዘፋኙን "አይችልም" ብለን እንጥለዋለን፣ የፊልም ተዋናይ ሲሆን ግን "ጽሑፉ ነው የበደለው" እንላለን። ይሄን ራሴም አድርጌዋለሁ፣ ተገቢ አልነበረም። በተለይ ሁለቱንም ሥራ የያዘውን አስቡት። ስኬች ጨርሶ ሮጦ ልብስ ይቀይራል፣ ሙዚቃውን ይሠራል፣ ተመልሶ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል።

ወንድሜ ግን እዚህ ላይ አይስማማም። "ሁለቱን ከያዘ ሙዚቃውም በነጥቡ ውስጥ ይቆጠር" ይላል። እኔ ለብቻው ይመዘን ባይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ስንከራከርበት አመሸን፣ አልተቋጨም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጻፉልኝ፣ ለእሱም አነብለታለሁ። ቸር ሰንብቱ።